የጓዳ ማኅተም

ሰው የማያውቀውን ሰው አምኖ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? እማማ ይህን ጥያቄ ሲያገላብጡት ኖሩ እንጂ መልስ አላገኙለትም። እሳቸው በሩን ቆልፈው፣ ሰንሰለቱን አንጠልጥለው፣ አልጋ ከገቡ በኋላ እንኳ "ቆልፌዋለሁ ወይ?" ብለው ተመልሰው የሚነሡ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ግን ዓመታት የለፋችበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ማንም እንዲገባበት፣ እንዲጎረጉረው፣ ሲሻው ይዞት እንዲሄድ ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ትራሷን አቅፋ እንደ ሕፃን ትተኛለች።

"እምዬ፣ አይሰረቅም እኮ! ራሴ የሰጠሁት ነገር እንዴት ይሰረቃል?"

"እሱን ነው የምልሽ! ለማን ነው የሰጠሽው? የማን ልጅ ነው? ቤቱ የት ነው?"

"ትናንት የኔን ስህተት አርሞ የላከልኝ የኢንተርኔት ስሙ ሰማያዊ ጉጉት ነው።"

"ጉጉት! አሁን ደግሞ ወፍ መጣ!"

ልጅቷ እስክትንፈራፈር ትስቃለች። እማማ ድንቡሼ ይሏታል። ስሙ የወጣላት ጉንጯ ከዓይኗ በላይ በነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ሸንበቆ ሆና እንኳ የቀየረላት የለም። ገና ጥርስ ሳታወጣ እናቷ ስላረፈች፣ ያሳደጓት እማማ ናቸው። ሴት ልጃቸውን አፈር ካለበሱ ወዲህ የቀረቻቸውን አደራ፣ ነፋስ እንዳይነካት፣ ፀሐይ እንዳያያት ሲሉ ነው የኖሩት። ከቤት በወጣች ቁጥር እስከ ደረጃው ተከትለው "ስትደርሺ ደውዪልኝ!" ይላሉ። ዳቦ ልትገዛ ብትወርድም ይላሉ። ዳቦ ቤቱ ከመስኮታቸው ይታያል።

ቤታቸው ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ደግሞ ሰው ገብቶ መዞር የማይችልበት ጓዳ። ጓዳው ግን የእማማ መንግሥት ነው። ጠርሙስና ቆርቆሮው ሁሉ ተራ አለው፤ አዲስ የገዙት ከኋላ፣ የቆየው ከፊት። ጎረቤት ገብታ ከኋላ ያለውን ልትመዝ እጇን ስትዘረጋ "ኧረ ተይ፣ የሱ ተራ ገና ነው!" ብለው ያስመልሷታል።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ታች ባለችው ፋርማሲስት ነው። የሴትዮዋ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ደህና ሆኖ አያውቅም። ከሰው ወደ ሰው የተቀዳ ፕሮግራም ተጭኖበት፣ ቫይረስ የያዘችውን ሁሉ ይበላባታል፤ ሕጋዊውን ልግዛ ስትል ደግሞ ዋጋው ሱቋን የሚያዘጋ ነው። ድንቡሼ ወርዳ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነችላት። ይህ የብዙ አገር ሰው ተባብሮ የሠራው፣ ማንም በነጻ የሚወስደው ነው። በሱ ላይ ደግሞ ራሷ የጻፈችውን ፕሮግራም አስቀመጠችላት። ስሙን "ጓዳ" አለችው፤ ምክንያቱም ሐሳቡን ያገኘችው ከእማማ ጓዳ ነው። የትኛው መድኃኒት ቀኑ ሊያልፍበት እንደ ቀረበ፣ የትኛው ቀድሞ መውጣት እንዳለበት፣ የትኛው እንዳለቀ ይናገራል።

እማማ ያን ጊዜ ማየት አለብኝ ብለው ወርደው ነበር። በኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ የሊኑክስ ምልክት፣ ነጭ ሆዱን ነፍቶ የተቀመጠ ወፍ፣ ተለጥፏል።

"ይህ ዳክዬ ምን ይሠራል?"

"ፔንግዊን ነው እማማ" አለቻቸው ፋርማሲስቷ። "አይበላም፣ አይጠጣም፣ አያስከፍልም።"

"ሆዱን አይተሽዋል? የማይበላ ሆድ እንዲህ አይነፋም።"

ፋርማሲስቷ ለእህቷ ነገረች፤ እህቷ ለዳቦ ቤቱ፤ ዳቦ ጋጋሪው ለብረታ ብረት ነጋዴው። ሊኑክስ የኮምፒውተር ልጆች ጨዋታ ነው ይሉ የነበሩ ነጋዴዎች፣ የፈቃድ ክፍያው ሲያማርራቸው አንድ በአንድ ወደ ፔንግዊኑ መጡ። ክሊኒኮች መጡ፣ ትልልቅ አከፋፋዮች መጡ። ድንቡሼና ባልደረባዋ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ በመትከልና በማስተማር ኖሩበት፤ ፕሮግራሙን ግን አልሸጡትም። ዓይተዋቸው የማያውቋቸው ሰዎችም ከየትም ሆነው ያርሙታል፣ ይጨምሩበታል፣ ይልካሉ። እማማ እነዚህን ሰዎች "የማይታዩት" ብለው ይጠሯቸዋል፤ እንደ ጋኔን።

ባልደረባዋ ጢሞ ይባላል። ጢሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ፣ ቤት ሲገባ ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ የሚተክል፣ ሻይ ቢቀዱለት አመስግኖ የሚያቀዘቅዝ ሰው ነው። እማማ ገና በመጀመሪያው ቀን "የማን ልጅ ነህ?" ብለው ጠየቁት።

"የሰው ልጅ ነኝ እማማ" አለ።

መቀለዱ ነው። እማማ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልባቸው አልተቀበለውም።

እምነታቸው ሁሉ ያለው ከማሙሽ ዘንድ ነው። ማሙሽ የመጨረሻ ልጃቸው፣ የድንቡሼ አጎት ነው። ፀጉሩ ከፊት ሳስቷል፣ ክራባት ያስራል፣ ለሰው ሁሉ "የሽያጭ ኃላፊ" የሚል ካርድ ያድላል፤ በእናቱ ቤት ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። የሚሠራበት ድርጅት ለንግድ ቤቶች ፕሮግራም ይሸጣል። ቀድሞ የውጭውን፣ የተዘጋውን ነበር የሚሸጠው፤ ያኔ በድንቡሼ ፔንግዊን ሲስቅ ጥርሱ አይከደንም ነበር። ገበያው ሲዞር እሱም ዞረ። "ኦፕን ሶርስ"፣ ለሁሉ ክፍት የሆነ ፕሮግራም፣ የሚለውን ቃል አፉን ሞልቶ ይጠራው ጀመር።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ወንበሩን ወደ ድንቡሼ ሳብ አደረገ።

"ጓዳን ሽጪልን። አንድ ጊዜ ትፈርሚና ዕድሜ ልክሽን እግርሽን ዘርግተሽ ትቀመጫለሽ።"

"መግዛት አያስፈልጋችሁም አጎቴ። ውሰዱት። ከፈለጋችሁ ሽጡት። የጨመራችሁበትን ግን እንደ ወሰዳችሁት ክፍት አድርጉት፤ ሌላ ምንም አልልም።"

"ክፍት ካደረግነውማ ተፎካካሪያችን ይወስደዋል!"

"ከኔ እንደ ወሰዳችሁት።"

"እማዬ፣ ይህችን ልጅ ምን እያበላሽ ነው ያሳደግሻት?" ብሎ ሳቀ። እማማም ሳቁ። ድንቡሼ ግን አብራቸው አልሳቀችም።

ማንም ጓዳን ቢቀዳው፣ ቢቀይረው፣ አንድ ነገር በድንቡሼ እጅ ብቻ ነበር። በየሱቁ ያሉት ኮምፒውተሮች አዲስ አፕዴት፣ የተሻሻለ ቅጂ፣ ሲመጣላቸው የእሷን ማኅተም ካላዩ አይቀበሉም። ማኅተሟም የወረቀት ሳይሆን ኮምፒውተር ጎን ላይ የምትሰካ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ብረት ናት። አንዷን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላታለች። መጠባበቂያዋን ለእማማ ሰጠቻቸው።

"ከዚህ ቤት የሚጠፋ ነገር የለም። አንድ ነገር ብሆን ለጢሞ ስጪያት። ለጢሞ ብቻ።"

"ክፉ አይንካሽ! ምን ትሆኛለሽ? ለምን ለማሙሽ አይሆንም? ሥጋሽ እያለ!"

"እምዬ፣ ለጢሞ። ብረቷ ካንቺ ዘንድ፣ የምስጢር ቃሉ ከጢሞ ዘንድ። ሁለቱ ካልተገናኙ አትሠራም።"

"ቃሉ ምንድን ነው?"

"አልነግርሽም። ግን ከአፍሽ ጠፍቶ አያውቅም" ብላ ሳቀችና ጃኬቷን አንሥታ ወጣች።

እማማ እንደ ልማዳቸው እስከ ደረጃው ተከትለው "ስትደርሺ ደው..." ሲሉ ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ድንቡሼ ከታች ቀና ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። "ይቺ ተንኮለኛ!" አሉ፤ ደስታው ግን ቀኑን ሙሉ ፊታቸው ላይ ሲንቀለቀል ዋለ። ብረቷን በክር ቆርቆሮአቸው ውስጥ፣ ከጥቁሩ ክር ሥር ቀበሯት።

ታዲያ እማማን አደራው እንቅልፍ ይነሣቸዋል። በየቀኑ ቆርቆሮውን ከፍተው ያያሉ። "ሌባ ቢገባስ? ቤቱ ቢቃጠልስ? እኔ ብሞትስ?" ለአንድ ሰው ካልነገሩት የሚፈነዱ ቢመስላቸው፣ ጭንቀታቸውን ለማሙሽ ተነፈሱት። ማሙሽ እጃቸውን ያዝ አድርጎ "አይዞሽ እማዬ፣ እኔ አለሁ አይደል?" አላቸው። ያን ቀን ቀለል ብሏቸው ዋሉ።

ሕመሙ የጀመራት ጠዋት፣ ጫማዋን ስታስር ነው። ቀኝ ጎኗን ይዛ ወለሉ ላይ ተጠቀለለች። እማማ እንዴት ሆስፒታል እንደ ደረሱ አያስታውሱም፤ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርገው እንደ ሄዱ ግን በኋላ ሰው ነገራቸው። "ትርፍ አንጀት ነው፣ ቶሎ መውጣት አለበት" አለ ሐኪሙ። ነርሷ ከድንቡሼ አንገት ላይ ክሩን ከነብረቷ ፈትታ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጋ ቆለፈችበት። ከዚያ ወደ እማማ ዞራ "የሌሊት ልብስና ነጠላ ጫማ ያምጡላት፤ እዚህ ቆመው የሚጠቅሟት ነገር የለም" አለቻቸው።

ማሙሽ ደርሶ ነበርና በመኪናው ወደ ቤት አመጣቸው። እማማ ሻንጣ ከፍተው፣ የሚያነሡት ጠፍቷቸው ሲርበተበቱ፣ እሱ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እማዬ፣ ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር። ጓዳ ተበስቷል። ሌባ እየገባበት ነው።"

"ወይኔ ልጄን!"

"ቀዳዳውን አሁን ካልደፈንነው በየመድኃኒት ቤቱ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ሰው የተሳሳተ መድኃኒት ቢወስድ ማንን የሚይዙ ይመስልሻል? እሷን ነው። ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ነው የሚያነሷት።"

እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ዓመት የፈሩት ነገር ይኸው መጣ። ክፍት በር! ሲናገሩ አልነበር?

"ለጢሞ ብቻ ብላኛለች..." አሉ በቀጭን ድምፅ።

"ለጢሞ!" ማሙሽ ራሱን ነቀነቀ። "ቀዳዳውን የበሳው እሱ ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለሽ? አባቱን ታውቂዋለሽ? እኔ ያንቺ ሆድ ነኝ እማዬ። እኔ ድንቡሼን እጎዳታለሁ? የእህቴን ልጅ?"

የእህቴን ልጅ ሲል የእማማ ዓይን እንባ ሞላ። የሞተችውን አነሣባቸው። ተነሥተው ቆርቆሮውን አወጡ፤ ጥቁሩን ክር አንሥተው ብረቷን መዳፉ ላይ አኖሩለት።

"ቃሉንስ?" አለ።

ነገሩት። የገዛ ልመናቸውን፣ በየቀኑ ደረጃ ላይ ቆመው የሚሉትን፣ ለልጃቸው ጆሮ አንሾካሾኩለት። ማሙሽ ግንባራቸውን ስሞ "እሷን አሁን አታስደንግጫት፣ ስፌቷ ይፈታል" ብሎ እየተቻኮለ ወረደ።

ልብሱን ከትተው ሳይጨርሱ በሩ ተንኳኳ። ጢሞ ነው። እማማ ሰንሰለቱን ሳይፈቱ በስንጥቁ አዩት። በፌስታል ብርቱካን ይዟል።

"እማማ፣ አሁን ሰማሁ። ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ ነው። ሻንጣ ካለ ልሸከምልዎ።"

"ሰው አለኝ" አሉት።

"እሺ። ብርቱካኑን..."

"አትበላም። አንጀቷ ነው የተቀደደው።" ዘጉበት። ጥቂት ቆሞ፣ ፌስታሉን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሲወርድ ሰሙት። ሌባ ያባረሩ ያህል ልባቸው ሞቀ።

በማግሥቱ ማሙሽ ብረቷን እዚያው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ መዳፋቸው ውስጥ መለሰላቸው። "ተደፈነ፤ አለቀ" አለ። እማማ ፈጣሪን አመሰገኑ። ድንቡሼ ከማደንዘዣው ነቅታ "ማን መጣ?" ስትላቸው "ማሙሽ እዚሁ ነው የዋለው። ያ ጢሞሽም ቤት ድረስ መጥቶ ነበር" አሉ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ዓይኗን ከደነች።

ድንቡሼ ቤት ገብታ፣ መስኮቱ ሥር ጋቢ ለብሳ መቀመጥ ጀምራ ነበር። አንድ ጠዋት ፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋኗን እንደ ለበሰች፣ ደረጃውን እየረገጠች ወጣች። በሩን አላንኳኳችም፤ በጡጫ ነው የመታችው።

"ሸጥሽን አይደል?"

"ምኑን?" ድንቡሼ ጎኗን ደግፋ ተነሣች።

"ታች ሰው ተሰልፎብኛል! ኮምፒውተሬ ጠዋት አፕዴት ተቀበለ። አሁን 'ጓዳ ከዛሬ ጀምሮ የግል ንብረት ነው፣ ውል ካልፈረሙ ዕቃዎን ማየት አይችሉም' ይላል። የትኛው ኢንሱሊን ቀኑ እንዳለፈ ማየት አልችልም! ዳቦ ቤቱም ተዘግቶበታል፣ የእህቴም ተዘግቷል። የማያውቁትን ሰው ፕሮግራም አትጫኑ ሲሉኝ፣ 'አውቃታለሁ፣ ከላዬ ነው የምትኖረው' ያልኩ እኔ ነኝ!"

"የኔ አይደለም። ማኅተሜ ከሌለበት አይገባም።"

"ማኅተምሽ አለበት! ስምሽን አይቻለሁ!" ፋርማሲስቷ ድምፅዋ ተሰበረ። "ስትታመሚ ያለቀስኩት እንባ ያንገበግበኛል።" ዞራ ወረደች።

ድንቡሼ ላፕቶፗን ከፈተች። እማማ ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆነው ፊቷ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚገረጣ አዩ። ከየአቅጣጫው መልእክት ይጎርፋል፤ የማይታዩት ሁሉ ይጽፋሉ። ሰማያዊ ጉጉት እንኳ "አንቺ ነሽ? አንቺ ነሽ ብዬ ማመን አልችልም" ብሎ ጽፏል።

"የአንገቴ አይደለችም" አለች ድንቡሼ ለራሷ። "መጠባበቂያዋ ናት የታተመችበት። እምዬ! የክር ቆርቆሮሽን አምጪልኝ።"

እማማ አመጡ። ድንቡሼ ጥቁሩን ክር አነሣች። ብረቷ አለች።

"አለች" አለች፤ ግራ ገብቷት። "ታዲያ ማን... ወስዶ የመለሰ ሰው አለ።" ቀና አለች። "ቃሉን ካንቺ ሌላ የሚያውቀው ጢሞ ብቻ ነው። እኔ ሆስፒታል ሆኜ ጢሞ ቤት መጥቶ ነበር አላልሽኝም?"

እማማ አፋቸውን ከፈቱ። ማሙሽ ታያቸው፦ እጁ በካቴና፣ ክራባቱ ተጣሞ፣ ሰው እየገፈተረው። የመጨረሻ ልጃቸው! አንዷን ልጃቸውን ለአፈር ሰጥተዋል፤ ሌላውን በገዛ አፋቸው ለፖሊስ ይስጡ? ደግሞ እኮ ቀዳዳ ሊደፍን ነው ያለው። ምናልባት ሌላ ሰው ነው። ምናልባት...

"መጥቶ ነበር" አሉ።

ሐሰት አልተናገሩም። ሰንሰለቱን ብቻ አልተናገሩም፤ ስንጥቁን፣ ብርቱካኑን።

ጢሞ ሲጠራ ወዲያው መጣ። ዛሬ ኮርኒሱን አላየም፤ የሚያየው ድንቡሼን ነው።

"ስንት ሰው ነው ይህን ቃል የሚያውቀው?" አለችው።

"እኔና አንቺ።"

"ብረቷ የት እንዳለችስ?"

"እኔ፣ አንቺና..." ወደ እማማ ዞረ። አልጨረሰውም።

"እዚህ መጥተህ ነበር። ሆዴ ተቀዶ ተኝቼ! አንተን ነው ያመንኩት፤ ከዘመዶቼ ሁሉ አስበልጬ አንተን! እምዬ እንኳ ይህን ሰው አትመኚ ስትለኝ ስቄባታለሁ።"

ጢሞ ዓይኑን ከእማማ ላይ አላነሣም። በዚያ ቀን የማሙሽን መኪና ከደጅ ስትነሣ ያየ ይመስላል ዓይኑ። አይገፋም፣ አይከስስም፤ ብቻ ይጠብቃል። አንድ ቃል። "አላስገባሁትም" የምትል አንዲት ቃል። እማማ ወደ ጓዳቸው ዞሩና ጠርሙሶቹን ማስተካከል ያዙ፤ ከፊት ያለውን ወደ ኋላ፣ ከኋላ ያለውን ወደ ፊት። ተራው ተደበላለቀባቸው።

"እማማ፣ ደህና ይዋሉ" አለ ጢሞ በመጨረሻ። ሲወጣ በሩን በቀስታ ነው የዘጋው፣ የታመመ እንዳይረብሽ እንደሚጠነቀቅ ሰው።

ድንቡሼ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እማማ ጀርባዋን ሊዳብሱ እጃቸውን አነሡ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። አሁን ልንገራት፣ አሁን... አሉ በልባቸው። ዐቅሙን ከየት ያምጡት?

በዚህ መሐል ነው ማሙሽ የመጣው። በራሱ ቁልፍ ከፍቶ፣ እየሣቀ፣ በአንድ እጁ ኬክ፣ በሌላው በሪባን የታሰረ አዲስ ላፕቶፕ ይዞ።

"የታመመችው እመቤት እንዴት ናት? ይኸው፣ ከድርጅታችን!" ላፕቶፑን ፊቷ አኖረላት። "ከዛሬ ጀምሮ የቴክኒክ ኃላፊያችን ነሽ። አታልቅሺ እንጂ! ነጋዴው ለጥቂት ቀን ይጮኻል፣ ከዚያ ይፈርማል። አንቺ ልትዘጊው አልደፈርሽም፤ እኔ ዘጋሁልሽ።"

ድንቡሼ ራሷን ቀና አደረገች። "አንተ?"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው?"

"ብረቷ... ቃሉን ማን ሰጠህ?"

"ማን ይሰጠኛል?" ማሙሽ ኬኩን ለማስቀመጥ ቦታ እየፈለገ፣ ሰዓት የጠየቁት ያህል ቀለል አድርጎ ተናገረው። "እማዬ ናታ፣ በገዛ እጇ። ሰርቄ እንዳይመስልሽ፤ ባለአደራዋ ፈቅዳ ነው የሰጠችኝ። ይህንንም ለጠበቃችን ነግሬዋለሁ።"

ከታች የፋርማሲስቷ ደንበኞች ሲጨቃጨቁ ይሰማል።

"ሌባ ገባ አላልከኝም?" አሉ እማማ። ድምፃቸው የራሳቸው አልመሰላቸውም። "ከአልጋዋ ላይ ይዘዋት ይሄዳሉ አላልከኝም?"

"እማዬ ደግሞ! እንዲያ ካላልኩሽ ትሰጪኝ ነበር? ለሷ ብዬ ነው፤ ለቤታችን።"

"በእህትህ ስም..."

"እና አሁን ምን ጎደለ? ማን ተጎዳ?"

እማማ የወለዱትን ልጅ አዩት። በእሱ ሕፃንነት ትኩሳት ሲይዘው ያደሩበት ግንባር፣ ሳስቶ፣ በላብ ወዝቶ ያበራል። ቁጣው ሊመጣላቸው ሲገባ አልመጣም። ዕድሜ ልካቸውን በሩን የቆለፉት በማያውቁት ሰው ላይ ነበር። ይሄኛው የራሱ ቁልፍ አለው።

ከዚያ የድንቡሼን ዓይን መጋፈጥ ግድ ሆነ። ልጅቷ ማሙሽን አታይም። እሳቸውን ነው የምታየው። ብረቷን ስለ ሰጡ ብቻ ቢሆን ትቆጣ ነበር፣ ትጮኽ ነበር፤ እማማ ያውቋታል። አሁን ግን ያቺ "መጥቶ ነበር" ያሏት ቃል ዓይኗ ውስጥ ስትዞር ይታያቸዋል። የጢሞ ዝምታ፣ የጠርሙሶቹ ኳኳታ፣ ሁሉም በየቦታው እየገባ ነው።

"ድንቡሼ... አፈር ልሁንልሽ... አላስገባሁትም። ሰንሰለቱን አልፈታሁለትም። ፈርቼ ነው..."

ልጅቷ ጎኗን ይዛ ተነሣች። ወደ ክፍሏ ገባች። የመሳቢያ ድምፅ፣ የዚፕ ድምፅ ተሰማ። ስትወጣ አሮጌው ላፕቶፗ በትከሻ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ማሙሽ ሪባኑን እያሳየ "ኧረ ልጅት፣ አዲሱ እያለ..." ሲል አጠገቡ እንደሌለ አለፈችው። ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ብረቷን ከቆርቆሮው አወጣች፤ ጥቁሩን ክር በጥንቃቄ ወደ ነበረበት መለሰች፣ ክዳኑን ገጠመች። ቆርቆሮውን ወደ እማማ ገፋ አደረገችላቸው።

እማማ እስከ ደረጃው ተከተሏት፤ እግራቸው የለመደው ነው። ስፌቱ እየሳባት ወደ አንድ ጎን ዘመም ብላ፣ ግድግዳውን እየደገፈች ትወርዳለች። ያ ዕድሜ ልክ ያሉት ቃል አፋቸው ላይ መጣ። "ስት..." አሉ። ቀሪው አልወጣም። ያ ቃል የሱቁን ሁሉ በር የዘጋ ቃል ነው፤ ከእንግዲህ ደግመው ሊሉት የማይገባቸው መሰላቸው።

ድንቡሼ መታጠፊያው ላይ ጥቂት ቆመች፤ ምናልባት ጎኗን ስላመማት ነው። ቀና አላለችም። ከዚያ የታችኛው በር ተከፈተ፣ የመንገዱ ጫጫታ ለአፍታ ወደ ላይ ወጣ፣ ተዘጋ።